የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሲደርስ

ሲዲ ማጫወቻዬ መንተባተብ የጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ሕመሙ ድንገት የመጣ አልነበረም። መጀመሪያ በአንድ ረጅም ዲስክ መጨረሻ ላይ አንዲት ቃል ደገመ፤ ዲስኩ ተጭሮ ነው ብዬ በሸሚዜ ጫፍ ወለወልኩት። ሰንበት ብሎ አንድ ሙሉ ስንኝ ዘለለ። በኋላ በኋላ፣ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሲደርስ፣ ፊደል እንደ ጠፋበት የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ አንዲት ድምፅ ላይ ቆሞ ‹‹ት፣ ት፣ ት›› ይል ጀመር። እኔ ደግሞ ከማሠራት ይልቅ መልመድን መረጥኩ። የመጨረሻው ዘፈን ሊጀምር ሲል ከወንበሬ ተነሥቼ አጠፋዋለሁ። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድም ረጅም ዲስክ መጨረሻ ሳልሰማ ኖርኩ።

ማጫወቻው የአጎቴ ነበር። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። አጎቴ በንግድ መርከብ ላይ መካኒክ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ገዝቶ፣ በአሰብ በኩል አስገብቶ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ በብርድ ልብስ እንደ ተጠቀለለ ሕፃን ታቅፎት ናዝሬት ገባ። (ያኔ ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት፤ አዳማ የሚለው የጥንት ስሟ በይፋ የተመለሰላት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።) እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሰፈራችን ሙዚቃ ማለት ካሴት ነበር። ወደ ዝዋይና ወደ ሻሸመኔ የሚሄዱት አውቶቡሶች ሁሉ ሾፌሩ ፊት ለፊት የካሴት ክምር ነበራቸው፤ የመተሃራ ፀሐይ ያገኘው ካሴት ደግሞ የዘፋኙን ድምፅ እንደ ሰከረ ሰው ያጎትተው ነበር። አጎቴ ያንን የሚያብለጨልጭ ዲስክ ከማጫወቻው ምላስ ላይ ሲያኖረውና ምላሱ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሲገባ ያየሁ ቀን፣ መርከብ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ።

አጎቴ ሙዚቃ ከመክፈቱ በፊት እጁን ይታጠባል። ከዚያ ይቀመጣል። ከተቀመጠ በኋላ ወሬ የለም፤ እናቴ እንኳ ቡና ስታቀርብ በምልክት ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሲያርፍ ልብሱን፣ ቤቱንና ሌላ ሌላውን ሲከፋፈሉ ለዚህ ዕቃ ብቻ ኑዛዜ ተገኘለት፤ ‹‹እሱን ለጸሐፊው ስጡት›› ብሎ ኖሯል። ጸሐፊው እንግዲህ እኔ ነኝ። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ በየመጽሔቱ የምጽፍ፣ ደመወዝ የሚባል ነገር በወር መጨረሻ የማይጠብቀኝ ሰው።

ዛሬ ሙዚቃ ከስልክ ውስጥ እንደ ውኃ በሚፈስበት ጊዜ (የምጽፈው ውኃው በማይፈስበት ሰፈር ተቀምጬ መሆኑን ሳልዘነጋ) ስለ ሲዲ ማጫወቻ ማሰብ ለብዙ ሰው ቅብጠት ሊመስል ይችላል። ይምሰል። የውኃውን ነገር ግን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

*

ባለፈው ሰኔ አንድ ወዳጄ ደወለ። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገሉ የድምፅ ዕቃዎች የሚሸጥ የሚለውጥ ልጅ አለ፤ ከውጭ የመጣ ትልቅ ማጫወቻ ይዟል፤ ‹‹ላንተ የሚሆን ነው›› አለኝ። ልጁ ዕቃውን በመኪናው ጭኖ በፈጣኑ መንገድ አዳማ ድረስ አመጣልኝ። ሁለት እጅ የሚፈልግ ብረት ነው። መደበኛውን ሲዲ ብቻ ሳይሆን፣ ሶኒና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡትን ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ የሚባለውንም ያነባል። ዋጋው 110,000 ብር፤ የአጎቴን በ25,000 ብር ይይዝልኛል። ቀሪው 85,000 ብር።

ዲስኮቼ ካሉበት መደርደሪያ አንዱን መዝዞ አስገባና ከፈተው። በእውነት ደነገጥኩ። ከበሮው ግድግዳውን አልፎ ከጎረቤት ግቢ የመጣ መሰለኝ።

‹‹ወንድሜ›› አለኝ ልጁ፣ እያዘነልኝ፣ ‹‹እስከ ዛሬ ዲስኮችህን ሰምተሃቸው አታውቅም።››

ይህችን አነጋገር ሌሊቱን ሙሉ ሳመነዥካት አደርኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ዕቃ፣ መጨረሻውን የማይጨርስ ዕቃ፣ ምን ያህል ነገር ሲሰርቀኝ ኖሯል? ልጁ 20,000 ብር መያዣ ተቀብሎ ‹‹አንድ ሳምንት ስማበት›› ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ሲወጣ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ‹‹ኮፒ ዲስክ እንዳታስገባበት፤ ኦሪጅናል ብቻ።››

85,000 ብር ነበረኝ። ነበረኝ ስል ግን የእኔ ብቻ አልነበረም። ባለቤቴና እኔ ለሮቶና ለብረት መቆሚያው ከዓመት በላይ ያጠራቀምነው ነው። በሰፈራችን ውኃ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ባለቤቴ ሰዓት ሞልታ ትነሣና ጀሪካን ትደረድራለች። በ2016 ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ፣ የያዝነው ገንዘብ ባለበት ቆሞ ሮቶው ከፊታችን ሮጠ። እንደገና ተከትለን ደረስንበት። አሁን ደግሞ እኔ ሌላ ነገር ይዤ መጣሁ።

ባለቤቴ ማጫወቻውን ዙሪያውን አየችው። በጣቷ ክዳኑን ነካ ነካ አደረገችው። አልተቆጣችም፤ ቢሻለኝ ብትቆጣ ነበር።

‹‹ይኼ ዕቃ›› አለችኝ፣ ‹‹ውኃ ይይዛል?››

*

ፍራንኮ አካባቢ አንድ ሬዲዮ ሠሪ አለ። ሙያውን የተማረው በወታደርነቱ ዘመን በመገናኛ ክፍል ነው። ዛሬ ሱቁ ውስጥ የሚበዛው የስልክ ቻርጀር ቢሆንም፣ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል አሁንም ቴፕና አምፕሊፋየር ይፈታል። አጎቴን ያውቀው ነበር። የአጎቴን ማጫወቻ ተሸክሜ ስገባ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

‹‹ሊሸጥ ነው ሊታከም?››

‹‹እሱን ለመወሰን ነው ጋሼ›› አልኩት።

ክዳኑን ከፍቶ ረጅም ዲስክ አስገባና የሌዘሩን ጉዞ ይመለከት ጀመር። ነገሩ እንዲህ ነው። ሸክላ ከዳር ወደ መሐል ነው የሚነበበው፤ ሲዲ በተቃራኒው ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር ይሄዳል። ሌዘሩን የተሸከመችው ትንሽ ጋሪ በቀጭን ብረት ላይ እየተንሸራተተች ወደ ውጭ ትጓዛለች፤ ዲስኩ ረጅም ከሆነ ከሰባ ደቂቃ በኋላ ጫፍ ላይ ትደርሳለች። የኔዋ ጋሪ ጫፍ ሳትደርስ ትቆማለች። ብረቱ ላይ ፋብሪካው የቀባው ቅባት ከአዳማ አቧራ ጋር ተቦክቶ ሙጫ ሆኗል።

የአዳማን ነፋስ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከከተማዋ አጠገብ ባሉት ኮረብቶች ላይ የቆሙትን የነፋስ ማመንጫዎች ያስታውስ። የመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተብለው የተተከሉት ያለ ነገር አይደለም። ከነፋሱ ለአገር መብራት ደረሰው፤ ለእኔ ማጫወቻ አቧራው።

‹‹ሌዘሩ ምንም አልሆነም›› አለ ሽማግሌው። ‹‹መንገዱ ነው የተዘጋበት።›› በአልኮልና በጥጥ ብረቱን ጠረገ፣ አዲስ ቅባት በመርፌ ጫፍ ጣል ጣል አደረገ፣ ሌንሱን አጸዳ። 600 ብር አስከፈለኝ።

ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ለምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። በኋላ ነው የተረዳሁት፤ ‹‹ዕቃው ተበላሽቷል›› የሚለው ምክንያቴ በ600 ብር ተወስዶብኝ ነው። ከእንግዲህ አዲሱን ብገዛ የምገዛው ስለፈለግሁት ብቻ ነው።

‹‹ግን ጋሼ፣ ሌዘሩ አርጅቶ ድምፁ አልደበዘዘም?›› አልኩት፣ ሌላ ምክንያት ስፈልግ።

ሳቀብኝ። የሸክላ መርፌ ሲያረጅ ድምፁ ያረጃል፤ የካሴት ማንበቢያው ሲቆሽሽ ዘፋኙ ጉንፋን ይይዘዋል። ሲዲ እንዲህ አይደለም። ዲስኩ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ድምፁ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ይጻፋል። ቁጥሮቹ በጥቃቅን ጉድጓዶች ተቀርጸው ከመሐል እስከ ዳር በተጠመዘዘ አንድ መስመር ላይ ይሰለፋሉ፤ መስመሩ ቢዘረጋ ከአምስት ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ማለትም ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ እኩሌታ ያህል ያደርሳል። በጭረት ወይም በአቧራ የጠፋ ቁጥር ቢኖር፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ እስከሚሆን ድረስ፣ ማሽኑ በሌላ ቦታ በተቀመጡ ማረጋገጫዎች ሒሳቡን ሠርቶ የጠፋውን ራሱን ይመልሰዋል። ከዚያ ከበለጠ ይገምታል፤ መገመት ካቃተው ይዘላል። እንግዲህ ማጫወቻ ወይ በትክክል ያነባል፣ ወይ ይንተባተባል። ለዓመታት በትክክል እያነበበ ድምፁን ብቻ ቀስ በቀስ የሚያደበዝዝ ሌዘር የለም።

‹‹ታዲያ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም ማለት ነው?››

‹‹አላልኩም። ቁጥሩ ተመልሶ ድምፅ የሚሆንበት ክፍል አለ፤ እሱ ከዕቃ ዕቃ ይለያል። ምን ያህል ለሚለው ግን እኔን ሳይሆን ጆሮህን ጠይቅ። እሑድ እመጣለሁ፤ ቡና ይፈላ።››

*

እሑድ እስኪደርስ መደርደሪያዬ ፊት ተቀምጬ ዲስኮቼን ቆጠርኩ። ልጁ ‹‹ሰምተሃቸው አታውቅም›› ያላቸው ምንድን ናቸው?

የሚበዙት ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ አዘጋጅቷቸው፣ ቡዳ ሙዚክ የተባለው ኩባንያ (ስሙ በእኛ ቋንቋ ክፉ አጋጣሚ ሆኖበት) ከ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተማቸው የ‹‹ኢትዮፒክስ›› ተከታታይ ዲስኮች ናቸው። በውስጣቸው ያለው ሙዚቃ ታሪኩ የታወቀ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የአገር ፍቅር በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል አልበሞች አወጣ። ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የሌሊት ክበቡ ጨዋታ ተዳፈነ፤ ሸክላውም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ።

እነዚያ ቅጂዎች ባንዱና ዘፋኙ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው እየተጫወቱ በቴፕ የተያዙ ናቸው። ቴፑ የራሱ ሹክሹክታ አለው። ሳክስፎኑ ማይክሮፎኑን ሲጠጋ ድምፁ ይሰነጠቃል። ይህ ሁሉ በዲስኩ ላይ ከነገላው ተቀምጧል። ዲስኩ የያዘው ስፋት ከቴፑ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ስለዚህ 110,000 ብር የሚያወጣው ማሽን የእኔን ዲስኮች ሲያነብ፣ በዚያች ሌሊት ማይክሮፎኑ ያልያዘውን ከየትም ሊያመጣው አይችልም። ሱፐር ኦዲዮ ሲዲውንማ ተዉት፤ በመደርደሪያዬ ላይ አንድም የለም።

ሁለት ዲስኮች ግን ለብቻቸው አወጣሁ። አንደኛው የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በዚሁ ተከታታይ የወጣ። እማሆይ በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ ይህን ዲስክ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ብቻውን የሚሰማ ፒያኖ መደበቂያ የለውም፤ ጣት ከተነሣ በኋላ ድምፁ እንዴት እንደሚሞት ይሰማል። ሁለተኛው የዓሊ ቢራ ነው፤ የተከታታዩ 28ኛ ዲስክ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፤ አጎቴ ከሞላ ጎደል በመጨረሻ የገዛው። ድሬዳዋ ተወልዶ በአፍረን ቀሎ የጀመረው ዓሊ ቢራ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ የዘፈነው ዓሊ ቢራ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈው እዚሁ እኛ ከተማ፣ አዳማ ሆስፒታል ውስጥ ነው። በዚያ ምሽት ከየቤቱ፣ ከየባጃጁ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነበር። እኔም የአጎቴን ማጫወቻ ከፍቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ከባጃጁ ስፒከር የሚወጣውና ከእኔ ቤት የሚወጣው አንድ ዘፈን ሆኖ መንገዱ መሐል ሲገናኝ፣ የማን ዕቃ እንደሚሻል ያሰበ ሰው አልነበረም።

*

እሑድ ሽማግሌው ቴስተሩን ይዞ መጣ። ሁለቱን ማጫወቻዎች ከአንዱ አምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ፣ ከኪሱ ወጥ ድምፅ ብቻ ያለበት የመፈተሻ ዲስክ አወጣ። በቴስተሩ ለካ። አዲሱ ከአሮጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር የሚጮኸው። ‹‹ይኸው ከበሮህ›› አለኝ። የሰው ጆሮ ከሁለት ድምፅ ጥቂት ከፍ ያለውን ከፍታው ሳይታወቀው ‹‹የተሻለ›› ይለዋል። የድምፁን መክፈቻ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ እያለ በእርሳስ ምልክት አድርጎ አስተካከላቸው።

ከዚያ ሁለቱንም በባለቤቴ ጋቢ ሸፈኗቸውና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞሩኝ። ባለቤቴ ዲስክ ታስገባለች፣ ሽማግሌው ይመዘግባል፣ እኔ ‹‹አሮጌው›› ወይም ‹‹አዲሱ›› እላለሁ። አሥር ጊዜ። የሠርግ ጨዋታ ይመስል ነበር፤ ባለቤቴ ከጀርባዬ ሳቋን ስትውጥ ይሰማኛል። እኔ ግን አላበኝ። ለዓመታት ስለ ሙዚቃ የጻፈ ሰው በሚስቱ ፊት ሲፈተን ቀላል አይደለም።

ከአሥር ስድስት አገኘሁ።

‹‹ሳንቲም ብትወረውርም እዚያው ነበርክ›› አለ ሽማግሌው። እውነቱን ነው። ሆኖም ወረቀቱን ተቀብዬ ስመለከተው፣ ከእማሆይ ፒያኖ አምስት ሙከራዎች አራቱን በትክክል ለይቼ ነበር። የቀረው ሁሉ ግምት ነው። በፒያኖው መጨረሻ ላይ፣ ድምፁ ሲከስም፣ አዲሱ አንዲት ቅንጣት ዘግይቶ የሚለቀው መሰለኝ። አራት ከአምስት ዕድልም ሊሆን ይችላል። ጆሮም ሊሆን ይችላል። ዛሬም ቢሆን ‹‹ልዩነት የለም›› ብዬ አልምልም።

ሽማግሌው ቡናውን ሲጨርስ ተነሥቶ ክፍሉ መሐል ቆመና አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ባዶው የሲሚንቶ ግድግዳ ‹‹ጨርርር›› ብሎ መለሰ። ጋቢውን ከማጫወቻዎቹ ላይ አንሥቶ፣ ከእኔ ወንበር ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በሁለት ምስማር ሰቀለውና እንደገና አጨበጨበ። ከዚያ የዓሊ ቢራን ዲስክ በአሮጌው ከፈተ። ጓዳ የገባችው ባለቤቴ እንኳ ‹‹ምን አደረጋችሁት?›› ብላ ብቅ አለች። ኡዱ ከግድግዳው ርቆ ወንበሬ ፊት ተቀምጧል። የጋቢው ባለቤት ጋቢዋን እስክትመልስ አንድ ሳምንት ፈጀባት፤ አሁን የተሰቀለው አሮጌ ብርድ ልብስ ነው።

ከዚህ በኋላ ውሳኔው ቀላል መሆን ነበረበት። አልሆነም። ሰኞ ዕለት ለልጁ ደውዬ ‹‹ለሁለት ወር ትጠብቀኛለህ?›› ብዬ ለመንኩት፤ ይህን ለባለቤቴ የምነግራት በዚህ ጽሑፍ ነው። ‹‹ዶላሩ አይጠብቅህም›› አለኝ። በማግሥቱ ማታ ብቻዬን ተቀምጬ ሁለቱንም አየኋቸው። አዲሱን ብወስድ አሮጌው በ25,000 ብር ከማላውቀው ሰው ቤት ይገባል፤ ያ ሰው እጁን ይታጠብ አይታጠብ አላውቅም። ይህ ለመሣሪያ ምርጫ ተገቢ መመዘኛ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሌላም ነገር ነበር፦ የመጨረሻውን ወር መለስ ብዬ ሳስብ፣ ቁጭ ብዬ አንድ ሙሉ ዲስክ የሰማሁበት ቀን አንድም አላገኘሁም። ስልኬን ይዤ፣ ሌላ ነገር እያነበብኩ፣ ግማሽ ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር የምሰማው። ለግማሽ ጆሮ ሙሉ 85,000 ብር ልከፍል ነበር።

ቅዳሜ ልጁ መጥቶ ዕቃውን ወሰደ፤ መያዣዬንም ቆጥሮ መለሰልኝ። ‹‹ትጸጸታለህ›› አለኝ በር ላይ። ትንሽ ተጸጽቻለሁም።

ሮቶው በነሐሴ መጀመሪያ ተሰቀለ። የመጀመሪያው ሌሊት ውኃው ሲሞላ ድምፁን ተኝተን አዳመጥነው።

በማግሥቱ ማታ ባጃጆቹ ሲቀንሱ፣ እጄን ታጠብኩና ልጁ እንዳላስገባ የከለከለኝን ኮፒ ዲስክ አወጣሁ። አጎቴ በ1997 ዓ.ም. ገደማ እዚሁ ከተማ አንድ ሙዚቃ ቤት አስቀድቶት ነበር፤ ለእረፍት ቤት ሲመጣ ከሬዲዮ ፊት ማይክሮፎን ደቅኖ ከያዛቸው ካሴቶች የተሰበሰበ ነው። በጀርባው ላይ በብዕር ‹‹ልዩ ልዩ›› ብሎ ጽፎበታል። የላፕቶፔ ዲስክ ማንበቢያ ከሌለው ቆይቷል፤ ስለዚህ መጨረሻውን ሳልሰማው ሁለት ዓመት አልፏል። ስልኬን ሌላ ክፍል ተውኩት።

የመጨረሻው ዘፈን ላይ ደረሰ። ከልማድ የተነሣ ከወንበሬ ብድግ አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጋሪዋ አልቆመችም። ዘፈኑ አለቀ፤ ማሲንቆው ጥቂት ብቻውን ቆየና እሱም አለቀ። ከዚያ የቴፑ ሹክሹክታ፣ የሆነ ወንበር ሲንቋቋ፣ ከሩቅ የጋሪ ፈረስ ኮቴ። ቀጥሎ ከማይክሮፎኑ በጣም ቀርቦ የአጎቴ ድምፅ ‹‹አለቀ፤ ገልብጠው›› አለ፤ አንድ ልጅም ‹‹እሺ›› ሲል ተሰማ።